አሌሆ ካርፔንቲየር የት ተወለደ?

የዚህ ቡለቲን አዘጋጆች የክፍሌ ልጆች ናቸው። ባለፈው ወር፣ በአንደኛው ሴሚስተር ስለ አውቶቡስ ተራ የጻፍኩትን ፊቸር ለዚህ እትም እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ክፍል ውስጥ የተነበበው፣ ቆሎ ስለሚሸጡት እናት የሚያወራው ጽሑፍ ማለት ነው። ያኔ ያጨበጨባችሁልኝ ታስታውሱታላችሁ። እሺ ብያቸው ነበር። በመሀል ግን አንድ ሌላ ነገር ስለገጠመኝ በእሱ ፈንታ የአንድ ኩባዊ ጋዜጠኛና ደራሲ የሕይወት ታሪክ ይዤ ቀርቤአለሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዕጣ ነው። መምህራችን የተለያዩ ልብ ወለዶችን የመጀመሪያ ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አድርገው አመጡና ዕጣ አወጣን። ሥራው ምዕራፉን ማንበብ፣ የደራሲውን ሕይወት ማጥናትና የጋዜጠኝነት ሙያው ድርሰቱ ውስጥ የት ቦታ እንደሚታይ ለክፍል ማቅረብ ነበር። እኔ የጋርሲያ ማርኬዝ እንዲደርሰኝ ተመኝቼ ነበር፤ እሱን የማያውቅ የለም። የደረሰኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1949 የታተመው «የዚህ ዓለም መንግሥት» ነው፣ ደራሲው አሌሆ ካርፔንቲየር። እውነቱን ለመናገር ስሙን ሰምቼው አላውቅም። አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ ወረቀቱ አናት ላይ «ድኅረ ቅኝ አገዛዝ» የሚለውን አይቶ እኛ ቅኝ አልተገዛን፣ ይህ ለእኛ ምናችን ነው ብሎ አሾፈብኝ። አኩርፌ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

ምዕራፉ «የሰም ራሶች» ይባላል። ቦታው የዛሬዋ ሃይቲ፣ ያኔ ሳን ዶሚንግ ተብላ ፈረንሳይ የምትገዛት የስኳር አገር ነች። ጊዜው 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ቲ ኖኤል የሚባል ወጣት ባሪያ ከጌታው ጋር ወደ ካፕ ፍራንሴ ከተማ ይወርዳል። መርከብ ያመጣቸው ድንጉላ ፈረሶች አሉ፤ ስለ ፈረስ የሚያውቀው ባሪያው ስለሆነ የሚመርጠው እሱ ነው። ከዚያ ጌታው ሊላጭ ጸጉር አስተካካይ ቤት ይገባል። ቲ ኖኤል ውጭ ቀርቶ የሱቆቹን መስኮት ያያል። በቃ፣ ከሞላ ጎደል የምዕራፉ ታሪክ ይኸው ነው።

መስኮቱ ላይ ግን ምን አለ መሰላችሁ? ጸጉር ቤቱ ዊግ የደፉ አራት የሰም ራሶች ደርድሯል። ከጎኑ ያለው ሥጋ ቤት ደግሞ የተገፈፉ የጥጃ ራሶች፣ ምላሳቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ጣል ተደርጎባቸው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የእንጨት ግድግዳ ብቻ ነው። ቲ ኖኤል ግድግዳውን በሐሳቡ ያነሳውና የነጮቹ ጌቶች ራስ ከጥጃው ራስ ጋር አንድ ገበታ ላይ ቀርቦ ይታየዋል። ቀጥሎ ያለው መጻሕፍት ሻጭ በገመድ ላይ ሥዕሎች አንጠልጥሏል። ከእነሱ በአንዱ ላይ የላባ ማራገቢያ ከቦት ዙፋን ላይ የተቀመጠ ጥቁር ንጉሥ ፈረንሳዊ እንግዳ ይቀበላል። ቲ ኖኤል ማን እንደሆነ ሲጠይቅ የአንተ አገር ንጉሥ ነው ይሉታል። እሱ ግን ይህን ከማካንዳል አፍ ሰምቶ ቀድሞ ያውቀዋል። ማካንዳል በሸንኮራ መጭመቂያው አጠገብ ስለ አፍሪካ ነገሥታት የሚተርክ ባሪያ ነው። መጨረሻ ላይ ጌታው የጥጃ ራስ ገዝቶ ያሸክመዋል። ቲ ኖኤል በመንገድ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ራስ እየዳበሰ በዊጉ ሥር ያለው የጌታው መላጣም ሲነኩት ይህን ሳይመስል አይቀርም ብሎ ያስባል።

ማጂካል ሪያሊዝም ስለተባልን የሚበር ሰው፣ የሚናገር ዛፍ ስጠብቅ ነበር። ምዕራፉ ውስጥ አንድም የሚበር ነገር የለም። ያለው አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሱቅ ሲያይ ነው። ያም ሆኖ ምዕራፉን ሲጨርሱ ጌታው ራሱን እንዳጣ ያህል ይሰማል። ለእኛ በሰምና ወርቅ ላደግን ሰዎች የሰሙ ራስ ምን እንደሚል መተርጎም አያስፈልገንም። ጓደኛዬንም ጠርቼ አስነበብኩት። ማሾፉን አቆመ።

እንግዲህ ይህን የጻፈው ማነው ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምንጬ ሰፈራችን ያሉ ጋሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ መማራቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ጋሼ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ስሙን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። አጠራሬን አረሙኝና የሐቫና ልጅ ነው፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ፣ ትምህርት ቤት አንብበነዋል አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ አንደኛ ብዬ ጻፍኩ፦ ካርፔንቲየር፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1904፣ ሐቫና።

ሐቫና ማደጉ እውነት ነው። አባቱ ፈረንሳዊ አርክቴክት፣ እናቱ ትውልዷ ከሩሲያ የሆነ የቋንቋ መምህርት ነበረች። ልጁም እንደ አባቱ አርክቴክቸር ጀምሮ አቋረጠ። በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ለሐቫና ጋዜጦች መጻፍ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 «ካርቴሌስ» የተባለው መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነ። ዕድሜው 20 ዓመት ገደማ ነው። እኔ በ21 ዓመቴ የክፍሌን አሳይመንት በሰዓቱ ማስረከብ አቅቶኛል፣ ይሄ ሰው መጽሔት ያዘጋጅ ነበር!

ያኔ ኩባን የሚገዛው ጄራርዶ ማቻዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በምርጫ መጥቶ ወደ አምባገነንነት የተቀየረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ካርፔንቲየር ማቻዶን የሚቃወም መግለጫ ላይ ፈረመና ታሰረ፣ በ22 ዓመቱ። እስር ቤት ውስጥ ስለ ጥቁር ኩባውያን ሕይወት የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጀመረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1933 ማድሪድ ቢታተምም በኋላ ራሱ አልወደደውም። የሰዎቹን ሕይወት ከውጭ ሆኖ እንዳየው፣ ልባቸው ውስጥ ያለውን እንዳላገኘው አምኗል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ከእስር ቢወጣም ያለ ችግር ከአገር መውጣት አይችልም ነበር። እዚህ ጋር ነው ታሪኩ ፊልም የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሐቫና ውስጥ የጋዜጠኞች ጉባኤ ተካሄደ። ከፈረንሳይ የመጣው ገጣሚና ጋዜጠኛ ሮቤር ደስኖስ ከካርፔንቲየር ጋር ተዋወቀና የራሱን የጉዞ ወረቀት ሰጠው። ካርፔንቲየር በደስኖስ ስም መርከብ ተሳፍሮ ፓሪስ ገባ። አንድ ጋዜጠኛ ለሌላው ስሙን አበደረው ማለት ነው። ደስኖስ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ይዘውት እ.ኤ.አ. በ1945፣ ካምፑ ነፃ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ቴሬዚን ላይ ሞተ።

ፓሪስ 11 ዓመት ቆየ። የሬዲዮ ሥራ ይሠራል፣ ለኩባ መጽሔቶች ይጽፋል፣ ከሱሪያሊስቶች ጋር ይውላል። ሱሪያሊስቶቹ ድንቅ ነገር ለመፍጠር የማይገናኙ ነገሮችን ያገናኙ ነበር፤ ጃንጥላና የልብስ ስፌት መኪና ጎን ለጎን ማስቀመጥ ዓይነት። ካርፔንቲየር መጀመሪያ ተማረከ፣ ኋላ ግን ሰለቸው። ይልቅ ስለ አሜሪካ አህጉር የተጻፈውን፣ የድሮ ተጓዦችንና መነኮሳትን መዝገብ ሳይቀር ለዓመታት ማንበብ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ ሐቫና ተመለሰ።

ሁሉን ነገር የቀየረው ግን እ.ኤ.አ. የ1943 የሃይቲ ጉዞ ነው። ከባለቤቱ ከሊሊያና ከፈረንሳዊው የቴአትር ሰው ከሉዊ ዡቬ ጋር ሄደ። እዚያ የአንሪ ክሪስቶፍን ፍርስራሽ አየ። ክሪስቶፍ ባሪያ የነበረ፣ ሃይቲ እ.ኤ.አ. በ1804 ነፃ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1811 ንጉሥ ተብሎ የነገሠ ሰው ነው። ተራራ አናት ላይ ላ ፌሪዬር የተባለ ግዙፍ ምሽግ አሠራ፣ ታች ሳን ሱሲ የሚባል ቤተ መንግሥት። ፈረንሳይ ትመለስብናለች ብሎ ነው ምሽጉን የሠራው፤ ፈረንሳይ አልመጣችም። ሲታመምና ሕዝቡ ሲነሳበት እ.ኤ.አ. በ1820 ራሱን ገደለ። ካርፔንቲየር ምሽጉ ላይ ቆሞ ጃንጥላና ስፌት መኪና ምን ያደርግልኛል ያለ ይመስለኛል። እዚህ አገር ድንቁ ነገር መዝገብ ውስጥ አለ፣ ፍርስራሹ በዓይን ይታያል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1948 ካራካስ ላይ በሚታተም ጋዜጣ ጻፈው፤ በዓመቱ የመጽሐፉ መቅድም ሆነ። አስደናቂው እውነታ ብሎ ሰየመው። ማጂካል ሪያሊዝም የሚለው ስም ራሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ ጀርመናዊ ስለ ሥዕል ሲጽፍ ያወጣው ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል፣ እኔም አቀላቅዬ ነበር።

ስለ ማካንዳል ልንገራችሁና ታዩታላችሁ፤ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማካንዳል በእውን የነበረ ሰው ነው። አንድ እጁን የሸንኮራ መጭመቂያ እንደ ወሰደበት ይነገራል። ጠፍቶ ጫካ ገባ፣ ቅጠል አወቀ፣ ጌቶቹንና ከብቶቻቸውን በመርዝ አስጨነቀ። በመጨረሻ ተይዞ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1758 ካፕ ፍራንሴ አደባባይ ላይ በእሳት እንዲቃጠል ተፈረደበት። ባሪያዎቹም እንዲያዩና እንዲፈሩ ተሰብስበዋል። በቅኝ ገዢዎቹ በኩል የተጻፈው እንደሚለው እሳቱ ሲነካው ታግሎ ከታሰረበት እንጨት ተላቀቀ። ጥቁሮቹ ማካንዳል ዳነ ብለው ጮኹ፣ አደባባዩ ተተራመሰ። ወታደሮቹ ሕዝቡን በተኑና ሰውየውን መልሰው እሳቱ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ ባሪያዎች አልሞተም ብለው ማመናቸውን አልተዉም።

ካርፔንቲየር ይህን ሲጽፍ ምን አደረገ? ሁለቱንም ጻፈ። ባሪያዎቹ ከራሳቸው በላይ ሲበር አዩት፣ ደስ ብሏቸው እየሳቁ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ወታደሮቹ እሳት ውስጥ ሲከቱት የመጨረሻ ጩኸቱን እሳቱ ዋጠው፤ በግርግሩ ያንን ያየ ጥቂት ሰው ነው። ደራሲው ማን እንደ ተሳሳተ አይፈርድም፣ አያሾፍም። እኔ ብሆን ኖሮ አንዱን እመርጥ ነበር። ወይ ተአምሩን ብቻ ጽፌ አንባቢ አስደንቅ ነበር፣ ወይ የወታደሩን ሪፖርት ገልብጬ እነዚያን ሰዎች ሞኝ አስመስል ነበር። ያ አደባባይ የተሰበሰቡት ሰዎች ያዩት ነገር ከ33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1791፣ ለተነሳው የባሪያዎች አመፅ ስንቅ ሆኗል ብዬ አስባለሁ። ታዲያ የበረረው ማካንዳል ውሸት ነው ብሎ ዜና መሥራት ይቻላል እንዴ?

መጽሐፉን ያጠኑ ምሁራን ምን ያህል የመዝገብ ሥራ እንደሆነ አሳይተዋል። የሰዎቹ ስሞች፣ ቀኖቹ፣ የመንገዶቹ ስሞች ሳይቀሩ ከድሮ ጽሑፎች የተለቀሙ ናቸው። ካርፔንቲየር ራሱም በመቅድሙ ሁሉን እንዳመሳከረ ይናገራል። በመጀመሪያው ልብ ወለዱ ከውጭ እንዳየ አምኖ የለ? በዚህኛው ቲ ኖኤልን ሱቁ ፊት ያቆመው ለዚያ ይመስለኛል። ጌታው ውስጥ ሲላጭ እኛ ውጭ ከባሪያው ጋር እንቀራለን።

የቀረውን ሕይወቱን ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1959 ካራካስ ኖረ፤ ለ«ኤል ናሲዮናል» ጋዜጣ ስለ ሙዚቃና ስለ መጻሕፍት ዓምድ ይጽፍ ነበር። አብዮቱ ሲያሸንፍ ወደ ኩባ ተመልሶ የአገሪቱን ማተሚያ ድርጅት መራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ፓሪስ በኩባ ኤምባሲ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፓኒሽ ቋንቋ ትልቁ የሆነውን የሴርቫንቴስ ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1980 ፓሪስ ውስጥ አረፈና አስከሬኑ ሐቫና ተቀበረ።

ማቅረቢያዬን ጨርሼ ቀኖቹን ለማመሳከር ቁጭ ስል ነው ችግሩ የመጣው። አንዱ መጽሐፍ ሐቫና ተወለደ ይላል፣ ሌላው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን። የትየባ ስህተት መሰለኝ። አይደለም። ካርፔንቲየር ዕድሜውን ሙሉ ሐቫና ተወለድኩ ሲል ኖሯል። ከሞተ በኋላ ግን የልደት መዝገቡ ሎዛን ተገኘ። ቀኑ ያው ነው፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1904፤ አገሩ ሌላ ነው። ወላጆቹ ወደ ኩባ ይዘውት የሄዱት በልጅነቱ ነው። ስፓኒሽ ሲናገር 'ረ'ን እንደ ፈረንሳዮች ከጉሮሮው ነበር የሚያወጣት፤ የተቀዳ ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል። የሬዲዮ ሰው ነው እንግዲህ! ያንን 'ረ' ይዞ ስንት ዓመት ሐቫና ተወለድኩ እንዳለ አስቡት።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው የያዙትን ሲኒ አስቀመጡ። መጀመሪያ ጠላቶቹ ያወሩበት ነው አሉኝ። መዝገብ እንዳለ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው ደግሞ ሐቫና አላደገም ወይ፣ ሐቫና አልታሰረም ወይ፣ የተቀበረውስ የት ነው ብለው ተቆጡኝ። ሁሉም ልክ ነው። ካርፔንቲየር ለምን እንዳደረገው ግን ይገባኛል ብዬ አስባለሁ። አባት ፈረንሳዊ፣ እናት ከሩሲያ፣ ስም የፈረንሳይ፣ አነጋገር የፈረንሳይ፤ በዚያ ላይ ሎዛን ከተጨመረ ስለ ኩባና ስለ ሃይቲ ልትናገር ማን ነህ የሚለው ብዙ ነው። አንዲት ቃል ብትቀየር ሁሉ ቀላል ይሆናል። ለሃይቲ ታሪክ እያንዳንዱን ቀን ያመሳከረ ሰው የራሱን ሕይወት የመጀመሪያ ምዕራፍ ፈጥሮ ጻፈው። ኩባዊነቱን ሐሰት አያደርገውም፤ እኔ ግን እንደ ዋዛ ላልፈው አልቻልኩም።

ያልቻልኩበት ምክንያት የአውቶቡስ ተራው ፊቸር ነው። ቆሎ የሚሸጡት እናት የሉም። ልጃቸው ጅዳ ሄዶ ድምፁ የጠፋባቸው፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ቀና የሚሉት እናት፣ እኔ ማታ ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ሆኜ የፈጠርኳቸው ናቸው። ያን ዕለት አውቶቡስ ተራ ሄጄ ነበር፤ ግን ዝናብ ስለነበር ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳልቆይ ተመለስኩ። ቲ ኖኤልም የተፈጠረ ነው የሚል ይኖራል። አዎ፣ ነገር ግን ሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ ይላል። የእኔ ላይ ፊቸር ነው የሚለው። ወጉ አምሮ፣ መምህራችን አንብበውት፣ እናንተ አጨብጭባችሁ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው ትሕትና መሰለው።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ሴትየዋን አስቀምጬበት የነበረው ጥግ ላይ አንድ ልጅ ሚዛን ዘርግቶ መንገደኛ ይመዝናል። እዚህ ቆሎ የሚሸጡ እናት ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለማረጋገጥ ነው ወይስ ምናልባት ይኖሩ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ አላውቅም። ልጁ ሳቀብኝ። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የሚወርደው በዚህ በኩል ስለሆነ እህል ይዞ የሚቀመጥ የለም፣ እኔም ደመና ሲሆን ሚዛኔን ይዤ እነሳለሁ አለኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አጠገቡ ቆየሁ። ከተመዘኑት ውስጥ አንድ ሰውዬ ጫማውን አውልቆ፣ ኮቱን ለልጁ አሲዞ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሳይቀር አውጥቶ ነው የወጣው። ቁጥሩን አይቶ አንዴ ደግሞ ተመዘነ። ለምን እንደሆነ ልጠይቀው ስል አውቶቡሱ ተጠርቶ ሮጠ።

ሰኞ ጠዋት ለአዘጋጆቹ ፊቸሩን እንደማልሰጥ ነገርኳቸው፣ ከሰዓት መምህራችን ቢሮ ገባሁ። የነገርኳቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን ተቀብለው የቅዳሜውን ገጾች ማንበብ ጀመሩ። ስለ ውጤቴ እስካሁን ምንም አላሉኝም።